የሃኑስ የቀኝ ልብ

ከሃኑስ ልብስ የሆስፒታሉ ወለል ላይ ከሚንጠባጠበው ደም ስንቱ የራሱ፣ ስንቱ የዓሣ ነባሪ እንደሆነ ማንም ሊለይ አልቻለም። የማደንዘዣ ሐኪሟ ሱንቫም ለመለየት አልሞከረችም። ወፍራሙን የሱፍ ሹራብ ከወገቡ እስከ አንገቱ በመቀስ ስትቀደው፣ ሰውዬው ከተሰበረው ጭኑ ይልቅ ለሹራቡ ያዘነ ይመስል ነበር።

«በርግቶራ ናት የሠራችው» አለ፣ በየቃሉ መሃል አየር እየፈለገ። «ክረምቱን ሙሉ ስትሠራው።»

«ሌላ ትሠራልሃለች።»

«ሚስቴን አታውቂያትማ።»

«ጎረቤቴ ናት እኮ። ከአንተ የበለጠ አውቃታለሁ።»

የዓሣ ነባሪ ማረጃ ቢላዋውን ከነአፎቱ ከቀበቶው ፈትታ ረዳቷ ለሆነው ነርስ ለሮይ አቀበለችው። ሮይ ዕቃውን በሁለት ጣት ይዞ የሚያስቀምጥበት ጠፋው።

ጠዋት «ግሪንድ» የሚለው ጥሪ ከቤት ቤት ተላልፎ ነበር። የዓሣ ነባሪ መንጋ ወደ ባሕረ ሰላጤው ቀርቧል፣ ለእርድ ኑ ማለት ነው፤ በፋሮ ደሴቶች ይህን የሰማ ወንድ፣ አስተማሪ ቢሆን ክፍሉን፣ ሙሽራ ቢሆን ሙሽሪትን ትቶ ይሮጣል። ሃኑስም ሮጠ። ችግሩ ሃኑስ መሮጥ የሌለበት ሰው መሆኑ ላይ ነው። ከልቡ ወደ ሳንባው ደም የሚወስዱት ሥሮች ከዓመት ዓመት ጠበው ደድረውበታል። የሳንባ ደም ግፊት ይሉታል። የልቡ ቀኝ ክፍል የተቆለፈ በር እንደሚገፋ ሰው ቀን ከሌት ሲገፋ ይኖራል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንዳይገባ ሱንቫ ራሷ በአጥር በኩል ስንቴ ለምናዋለች። ግን መንደሩ ሁሉ ደረቱ ድረስ ባሕር ገብቶ ገመድ ሲጎትት፣ እሱ ከአሮጊቶቹ ጋር ዳር ቆሞ ሊያጨበጭብ ነው? ገባ። ውሃው ቀይ ሆኖ ሲፈላ፣ አንዱ ዓሣ ነባሪ በሞት ጣር ጅራቱን አወራጨና ሃኑስን ከጀልባው ጎን ጋር አላተመው። የግራ ጭኑ አጥንት ሥጋውን በስቶ ወጣ፤ ትልቁን ደም ሥርም አብሮ ቀደደው።

ወደ ኮፐንሃገን መላክ ይሻል ነበር። ጉሙ ግን አውሮፕላን ማረፊያውን ውጦታል። ሃኑስ ደም ማቅጠኛ ስለሚወስድ ጀርባውን ወግቶ ከወገቡ በታች ብቻ ማደንዘዝም አይቻልም። የቀረው ጨርሶ ማስተኛት ነው፤ ሱንቫ የፈራችውም ይህንኑ ነው። የእንቅልፉ መድኃኒት የሰውነትን ደም ሥር ሁሉ ያላላል፤ ግፊቱ ይወርዳል። ጤነኛ ሰው ወርዶ ይመለሳል። የሃኑስ ዓይነቱ ግን ግፊቱ ሲወርድ ያ የደከመ የቀኝ ልብ የራሱን ደም ያጣል፤ ደም ያጣ ልብ ደግሞ ተለምኖ አይነሳም።

ቀዶ ሐኪሙ ሞገንስ ቁስሉን ገልጦ አየ። ዴንማርካዊ ነው፤ ሃያ ዓመት እዚህ ኖሮም ዛሬም «ዴንማርኩ» ይሉታል።

«ደም ሥሩን እጠግነዋለሁ» አለ። «ካልሆነ ከጉልበቱ በላይ እንቆርጣለን።»

ሃኑስ ይህን ሲሰማ የሱንቫን ኮሌታ ጨብጦ ወደ ራሱ ጎተታት። አንድ የሸሚዟ ቁልፍ ተበጥሶ ተንከባለለ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል፤ ክንዱ ግን ገና የዓሣ አጥማጅ ክንድ ነው።

«ስሚኝ። እግሬን ወስደሽ ካነቃሽኝ፣ እጄ አለልኝ። መጀመሪያ የማንቀው አንቺን ነው።»

«ሰምቻለሁ» አለችው።

እሺ ግን አላለችም። እሱም አስተውሏል፤ ኮሌታዋን የለቀቀው ቆይቶ ነው።

ገና ነቅቶ ሳለ የእጁ አንጓ ላይ ያለውን ደም ሥር ወግታ፣ ግፊቱ በየምቱ ሞኒተሩ ላይ እንዲታይ አደረገች። ደም ሥር የሚያጠብቀውን ኖርአድሬናሊን ከእንቅልፉ በፊት አስጀመረች። ከዚያ መድኃኒቱን በጥቂት በጥቂቱ፣ ዓይኗን ከቁጥሩ ሳትነቅል ሰጠችው። ሃኑስ አንድ ነገር ሊሳደብ አፉን ከፈተ፤ ስድቡ ሳይወጣ ተኛ። ግፊቱ ተንገዳገደ፤ ግን ሳይወድቅ ጸና። ቱቦው ጉሮሮው ውስጥ ገባ።

ሞገንስ ሠራ። እጁ ወፍራም ነው፤ ስፌቱ ግን የሙሽራ ቀሚስ ጥልፍ ይመስላል። የፈሰሰው ደም በከረጢት ተተካ። በዚህ ሆስፒታል ሰዎች በሥራ ላይ አያወሩም። አብረው አርጅተዋልና በዓይን ይግባባሉ፤ ከዋናው ምድር ከዴንማርክ የሚመጡ እንግዶች «ድዳዎቹ» ይሏቸዋል፤ እነሱም ስሙን ወደውታል። ስለዚህ ሞገንስ ሰፍቶ ሲጨርስ፣ ደም ሥሩን የቆነጠጠውን መቆንጠጫ ከመልቀቁ በፊት «ልለቀው ነው» ለማለት እንደ ልማዱ ራሱን ነቀነቀ። ሱንቫ ግን ቀና አላለችም። በአልትራሳውንድ የሚታየውን የልቡን ምስል እያየች ነበር።

መቆንጠጫው ተለቀቀ።

ደም አጥቶ የቆየው እግር ያጠራቀመውን መርዝ በአንዴ ወደ ልቡ ላከ። የቀኙ ልብ ምስሉ ላይ እንደ ፊኛ ተነፋ፤ ግራውን ጨፈለቀው። ግፊቱ ከደረጃ እንደወደቀ ዕቃ እየተንኳኳ ወረደ።

«እየደማ ነው፣ ፈሳሽ ስጪው» አለ ሞገንስ።

ሮይ ተምሮ የመጣውን አደረገ። አንድ እጁ የፈሳሹን ከረጢት ሊጨምቅ፣ ሌላው አልጋውን በጭንቅላት በኩል ሊያዘቀዝቅ ሄደ። ሌላ በሽተኛ ቢሆን ልክ ነው። ሱንቫ በክርኗ ደረቱን መታችው፤ ከመሣሪያው ጠረጴዛ ጋር ተጋጭቶ መቀሱና ሳህኑ ወለሉ ላይ ተበተነ። ከረጢቱን ከነቱቦው ነቅላ ወረወረችው።

«ሞልቷል። ልቡ ሞልቷል፣ ልታፈነዳው ነው? ሞገንስ፣ ዝጋው።»

ሞገንስ መቆንጠጫውን ፍለጋ ጊዜ አላባከነም፤ ደሙን ለማገድ በጡጫው የሃኑስ ብሽሽት ላይ ተጫነ። ሱንቫ ኖርአድሬናሊኑን ጨመረች፤ በላዩ ላይ ሌላ መድኃኒት ደረበች። የሳንባውን ደም ሥር የሚከፍተውን ጋዝ እስከ ጥጉ ከፈተች። ሞኒተሩ ላይ ያለው መስመር ግን ጠፍጣፋ ሆኖ ተዘረጋ፤ ልቡ ቆመ።

«ሮይ፣ ደረቱን።»

ሮይ ዘለለበት። ሲጫን አንድ ጎድን ተሰበረ፤ ድምፁን ሁሉም ሰሙ። አላቆመም። ሌላም ተሰበረ። ሱንቫ ጣቷን የሃኑስ አንገት ላይ አድርጋ ስሙን ጠርታ ሰደበችው፤ በአጥር በኩል እንደምትሰድበው። ከዚያ ጣቷ ሥር አንድ ነገር መታ፤ ዘገየ፤ ደግሞ መታ።

የሮይ ላብ የሃኑስ ደረት ላይ ይንጠባጠባል።

«እግሩ ሕያው ነው» አለ ሞገንስ በመጨረሻ። «ስፌቴ ይዟል። ቀስ ብዬ ልልቀቀው።»

«ሞክር። ፀጉር በምታህል።»

ሞከረ። ግፊቱ እንደገና ቁልቁል ተንደረደረ፤ እንደገና ተጫነው።

ሱንቫ እግሩን አየችው። ጣቶቹ ላይ ትንሽ ቀላ ያለ ነገር ታየቻት። ይሄ ነው ያናደዳት። እግሩ ሞቶ ቢሆን መቁረጡ ይቀል ነበር።

«ቁረጠው።»

«አብደሻል? የሠራሁትን አታይም?»

«ያየሁትን ሁሉ አይቻለሁ። እግሩን ከመለስክለት እሱ ይሞታል። ቁረጠው፣ ሞገንስ።»

ሞገንስ እጁ ላይ የነበረውን መርፌ መያዣ ግድግዳው ላይ ወረወረ። ከዚያ መጋዝ ጠየቀ። መጋዙ አጥንት ሲበላ ሮይ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሱንቫ ቁጥሩን እያየች ነበር። ቁጥሩ ሳይወርድ ጸንቷል።

በርግቶራ ኮሪደሩ ላይ፣ ቡትስ ጫማዋ እስከ ጉልበቷ በዓሣ ነባሪ ደም ተነክሮ፣ ቆማ ሱንቫን ጠበቀቻት።

«ገደልሽው?»

«የለም። እግሩን ወሰድኩት።»

በጥፊ አለቻት። ደህና አድርጋ፤ የሱንቫ መነጽር ወደቀ። በርግቶራ ራሷ ጎንበስ ብላ አነሳችው፤ በቀሚሷ ጠርጋ ዓይኗ ላይ አደረገችላት።

«እኔ አልነግረውም» አለች። «ፊቱን ማየት አልችልም።»

«እኔ እነግረዋለሁ።»

ሱንቫ የመተንፈሻ ማሽኑ እየነፋለት እንዲያድር አልፈለገችም፤ የማሽኑ ግፊትም ለዚያ ልብ ሸክም ነው። ቱቦውን ስታወጣለት ሃኑስ ሳለ፤ የተሰበሩት ጎድኖች ሲወጉት የሰይጣንን ስም ከነቤተሰቡ ጠራ። ሮይ ሊስቅ ብሎ ተወው።

«ስንት ዓሣ ነባሪ ገባ?» አለ ሃኑስ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«መቶ ምናምን» አለ ሮይ።

«ጥሩ ነው።» ተነፈሰ። ለአፍታ የተኛ መሰለ። ከዚያ ፊቱን አጨማደደ። «ግራ እግሬን በረደኝ። አልብሱልኝ።»

ሮይ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሱንቫ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ሃኑስ» አለችው።

እጁ ብርድ ልብሱ ስር መንቀሳቀስ ጀመረ፤ በዳሌው በኩል፣ ቀስ እያለ፣ የጭኑን ፋሻ እየዳበሰ ቁልቁል። ሞኒተሩ ላይ ግፊቱ መውጣት ያዘ። አንጓውን ልትይዘው ትችል ነበር። አልያዘችውም። መነጽሯን አውልቃ ኪሷ ከተተች፤ ክንዱ እንዲደርስባት ጠጋ አለችና ጠበቀች።