መብራቱን አጥፉ!

የመምህር ሽብሩ ቁጣ አፍንጫው ላይ ናት። ዲላ ውስጥ ፊዚክስ ያስተምራል፤ ተማሪ ቢያዛጋ ይቆጣል፣ ጠመኔ ቢሰበር ይቆጣል። ኮከብ ማየት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ትልቁ ጠላቱ መብራት ሆኗል። የጎረቤቱን የበረንዳ አምፖል በዱላ ሊሰብር ሲል ነው የያዙት ይባላል። ሽብሩን የሚያውቅ ሰው ይህን ወሬ አይጠራጠርም።

በጥቅምት ጅራታም ኮከብ ጎህ ሳይቀድ በምሥራቅ እንደሚታይ ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። ችግሩ ቦታ ነበር። በጌዴኦ እንሰቱ ከቡናው ተጠጋግቶ፣ ቡናው ደግሞ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው፤ ቀና ያለ ሰው የሚያየው ቅጠል ነው። ፈልጎ ፈልጎ ኮንጋ ቀበሌ አጠገብ አንድ ዛፍ የሌለው ጉብታ አገኘ። የሥራ ባልደረባውን ሮሆቦትንና የቀድሞ ተማሪውን ሙስአብን ይዞ፣ በሙስአብ አባት ፒክአፕ ገና ሳይነጋ ደረሰ። መኪናዋን ከጉብታው ሥር አቁመው ቴሌስኮፑን ተሸክመው ወጡ።

ዓይናቸው ጨለማውን ለምዶ፣ ኮከቡ ብቅ ሊል ሲል፣ ከታች በእግር መንገዱ ላይ ባትሪዎች እየተወዛወዙ መጡ። ሽብሩ ብድግ አለ።

«መብራቱን አጥፉ!» ብሎ በክፍል ድምፁ ጮኸ። «እዚያው ቁሙ!»

ባትሪዎቹ ወዲያው ድርግም አሉ።

«መምህር፣ ማን እንደሆኑ እንኳ አልጠየቅናቸውም» አለች ሮሆቦት።

«ኮከቡ እስክንጠይቅ ይጠብቀናል? ይልቅ ነይ እዪ!»

አየች። ጠመኔ የነካው ጣት ጥቁር ኮት ላይ ሲጠረግ የሚተወውን መስመር ይመስላል። ሙስአብ «ሱብሐነላህ» አለ። ሽብሩ ደስታው ልክ አጣ፤ ደጋግሞ አሳያቸው፣ ፎቶ አነሳ፣ ስለ ጭራው አቧራ ረጅም ትምህርት ሰጠ። የታችኞቹን ሰዎች ጨርሶ ረሳቸው። ሙስአብ ጃኬቱን አንጥፎ ሱብሂ ሰገደ፤ ከዚያም ሰማዩ ሲገረጣ ዕቃቸውን ሰብስበው ወረዱ።

መንገዱ መታጠፊያ ላይ አራት ወንዶች ቃሬዛ ከብበው ተቀምጠዋል። ቃሬዛው ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ትንቀጠቀጣለች። ባሏ ለሚ ሽብሩን ሲያይ ተነሣና በሹክሹክታ ጠየቀ።

«ጋሼ፣ ሌባው ተያዘ?»

ሽብሩ አልገባውም። ሮሆቦት ግን የገበሬ ልጅ ናትና ወዲያው ገባት፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። በቡና ለቀማ ሰሞን ቀይ ቡና ከዛፉ ላይ የሚያራግፍ ሌባ አይጠፋም። ገበሬው ተራ ገብቶ ጨለማ ውስጥ ያደፍጣል። ያደፈጠው ሰው «መብራት አጥፉ» ካለ መንገደኛ ሁሉ ያጠፋል፤ «ሂዱ» እስኪባል አይነቃነቅም፣ ትንፍሽም አይልም። በቅርቡ አንድ አልሰማ ያለ መንገደኛ ራሱ ሌባ መስሏቸው ደብድበውታል።

እውነቱን ለመናገር ጊዜው ያ ነበር። ሽብሩ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደባት በዚያች ሰዓት፣ «አመለጠን» አለ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

«አይዞህ ጋሼ፣ ሌላ ቀን ይያዛል» ሲል ለሚ አጽናናው።

ሴትየዋን ፒክአፑ ላይ አሳፍረው ወደ ጤና ጣቢያ በረሩ። መንገዱን ሙሉ ለሚ ስለ መኪናው ሲመርቃቸው ሽብሩ በመስኮት ወደ ውጭ ያይ ነበር።

ፀሐይ ሞቅ ስትል ነርሷ ወጣችና ለሚ ላይ ጮኸችበት።

«እስከ አሁን ምን ስትሠሩ ነበር? እናትየው ደህና ናት። ልጁ ግን ታፍኖ ነው የተወለደው፤ በስንት መከራ ተነፈሰ። አሁን በአምቡላንስ ወደ ዲላ ይሄዳል፤ መትረፉን እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው።»

ለሚ አንገቱን ደፋ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እህቴ። ይቅርታ።»

ይህን ሽብሩ መቻል አቃተው።

«የሱ አይደለም» አለ። ያ የክፍል ድምፁ የት እንደገባ እንጃ። «እኔ ነኝ ያስቆምኳቸው። ለሚ፣ ዋሽቼሃለሁ። ሌባ አልነበረም፤ ኮከብ እያየን ነበር። መብራታችሁ እንዳይረብሸን ብዬ ነው።»

«ሌባ አልነበረም?»

«አልነበረም።»

ለሚ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በተሻለ።

«ምጡ ሲብስባት ልትጮህ ነበር» አለ። «ሌባው ይሰማል ብዬ አፏን በእጄ ያፈንኩት እኔ ነኝ።»

መዳፉን ዘርግቶ አሳየው። የሚስቱ ጥርስ የነከሰበት ቦታ ደም ቋጥሮ ነበር።