ደህና ናት፣ ሰላም ብላሃለች

ፕላሲዶ አበልጁን ሳቱርኒኖን ከሩቅ ሲያየው መጀመሪያ ያደረገው ነገር ጃኬቱን እስከ አገጩ ድረስ መዝጋት ነበር። ከሥር የለበሰው የሐዘን ጥቁር ሹራብ ነው። ዚፑን ለመሳብ የያዘውን የዳቦ ቅርጫት መንገዱ መሃል ማስቀመጥ ነበረበት፤ ቀና ሲል ሳቱርኒኖ ፊቱ ቆሟል።

"አበልጄ! አንተ ሰውዬ አለህ?"

"አለሁ፣ አለሁ። አንተስ?"

"ይመስገነው። ወፍረሃል ልበል ወይስ ከስተሃል?"

"ደስ ያለህን በል።"

ተሳሳቁ። የሙታን መታሰቢያ በዓል ዋዜማ ነበርና የኤል አልቶ ከተማ ገበያተኛ ግራና ቀኝ እየገፋቸው ያልፋል። ሳቱርኒኖ አንድ እግሩን በገመድ ተንጠልጥሎ የሚሄደው የኬብል መኪና ጣቢያ ደረጃ ላይ እንዳሳረፈ፣ "ግሬጎሪያስ እንዴት ናት?" አለ።

"ደህና ናት። ሰላም ብላሃለች።"

ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው እሱ ራሱ የሰማው። ሚስቱን ግሬጎሪያን በሰኔው ውርጭ ቀብሯታል።

ታማ በተኛችበት ጊዜም ሳቱርኒኖን እንዲሁ መንገድ ላይ አግኝቶት ነበር። ታማለች ለማለት መቆም ያስፈልጋል፤ እነሱ ደግሞ የሚገናኙት ሁልጊዜ ወደ ሌላ ቦታ እየሄዱ ነው። "ደህና ናት" አለና አለፈ። ስትሞት፣ ደህና ናት ያላትን ሴት ሞተች ብሎ መደወል አቃተው። ዛሬ ነገ ሲል መርዶው ከረመ።

"በል እንግዲህ፣ አንድ ቀን ተገናኝተን እንጫወታለን" አለ ሳቱርኒኖ።

"እንዴታ! አንድ ቀን።"

ተቃቅፈው ተሰነባበቱና ሁለቱም ወደ አንድ ደረጃ ዞሩ። ፕላሲዶ ጫማውን የሚያስር መስሎ ጎንበስ አለ። ጫማው ማሰሪያ አልነበረውም። ሳቱርኒኖ ከዓይኑ እስኪጠፋ ጠብቆ ወጣ፤ ግን አስተናባሪዋ "አባባ፣ ቶሎ ይግቡ፣ አንድ ቦታ አለ!" ብላ ከነቅርጫቱ አንዱ ካቢን ውስጥ ከተተችው። ሳቱርኒኖ ጉልበቱን ሰብስቦ ቦታ ለቀቀለት።

"አሁን እኮ ተሰነባብተን ነበር" አለ እየሳቀ። "በል ስንብቴን መልስልኝ!"

ካቢኑ ከገደሉ ጫፍ ለቅቆ ወደ ታችኛዋ ከተማ፣ ወደ ላፓስ መውረድ ጀመረ። ከጎናቸው አበባ የታቀፈች ሴትዮ ታንቀላፋለች። ቅርጫቱ የለበሰው ጨርቅ ሸሸት ብሎ ዳቦው ታየ። ነገ እኩለ ቀን ላይ ነፍሳት ወደየቤታቸው ሲመጡ ማዕድ ላይ የሚጠብቃቸው፣ በሰው አምሳል የተጋገረ ዳቦ ነው። ይሄኛው የሴት ነው፤ ክብ ባርኔጣና ሁለት ሹሩባ አለው።

"ማዕዱ የማን ነው?" አለ ሳቱርኒኖ።

"የእናቴ።"

"እስካሁን? ነፍሷን ይማረውና፣ እሷ ስትሞት ልጄ ኖኤሚ እንኳ አልተወለደችም። ማዕድ እኮ ለአዲስ ሙት ነው።" ዳቦውን ተመለከተ። "ደግሞ እናትህ ቀጫጫ ነበረች። ይቺን ጋጋሪው ጉንጭ አብዝቶላታል።"

ፕላሲዶ ጨርቁን መለሰው። ጋጋሪውን "ጉንጯን ሙላልኝ፣ ሳትታመም በፊት እንደነበረችው" ብሎ የለመነው እሱ ነው።

"እና ኖኤሚ" አለ ሳቱርኒኖ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ወለደችልህ። ወንድ። 'ለእኔ ክርስትና እናት የሆነችው ግሬጎሪያ ለልጄም ካልሆነች አላስጠምቅም' ብላ ድርቅ ብላለች። ቅድም ልነግርህ ነበር፤ ግን መንገድ ላይ ቆሞ የሚለመን ነገር መሰለህ? እሑድ ይዣቸው ልምጣ? ለግሬጎሪያ ንገራትና።"

"እነግራታለሁ" አለ ፕላሲዶ።

የዳቦው ሙቀት ጉልበቱን ያቃጥለዋል፤ ጀርባው በላብ ርሷል። እሑድ በር ከፍቶ ምን ሊል ነው? እግዚአብሔር ሆይ፣ መንገዱን አርዝምልኝ አለ በሆዱ። ወዲያው ደግሞ፣ አሳጥርልኝ አለ።

ካቢኑ ታች ጣቢያ ደረሰ። ወረዱ።

"በል አበልጄ። ለግሬጎሪያ ሰላም በልልኝ።"

ሳቱርኒኖ ሰዉ መሃል ገባ። ባርኔጣው ብቻ ይታያል። ፕላሲዶ ዝም ካለ ነገሩ ለዛሬ አልቋል። ቅርጫቱን መሬት አስቀመጠና የጃኬቱን ዚፕ እስከ ታች ከፈተው።

"ሳቱ!"

ሳቱርኒኖ ተመልሶ መጣ። ሹራቡን አየ፤ ቀጥሎ ቅርጫቱን።

"እሑድ አትምጡ" አለ ፕላሲዶ። "ነገ ኑ፣ እኩለ ቀን ላይ። ግሬጎሪያ የምትመጣው ነገ ነው።"

ሳቱርኒኖ ባርኔጣውን አወለቀ።

"መቼ?"

"ሰኔ።"

"ሰኔ! ቅድም ሰላም ብላሃለች አላልከኝም እንዴ?"

"ብላሃለች። ተኝታ ሳለች፣ ኖኤሚንም አምጡልኝ ብላለች። ያላደረስኩት እኔ ነኝ።"

ሳቱርኒኖ ባርኔጣውን በእጁ ሲያዞር ቆየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የቅርጫቱን አንድ እጀታ ያዘ።

"ለኖኤሚ የምትነግራት አንተ ነህ" አለ፣ ሳያየው። "እኔ አፌ አይችልም።"

የፕላሲዶ ቤት በግራ በኩል ነው። እሱ ግን ሌላውን እጀታ አንስቶ ወደ ቀኝ፣ ወደ እነ ኖኤሚ ቤት ታጠፈ።