የደረሰሽን ቁጥር ላኪልኝ

በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ማይኩን ከእኔ እጅ የሚቀማ ሰው ገና አልተወለደም። ሸዋዓለም እባላለሁ፤ ወረታ ከተማ ባዮሎጂ ሳስተምር ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ተማሪዎቼ ከኋላዬ «ሚጥሚጣ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ አይከፋኝም፣ እንዲያውም ደስ ይለኛል። ተቋርጦ የቆየው ኔትወርክ ከተመለሰ ወዲህ ተማሪው ሁሉ ስልኩ ላይ ተደፍቶ ሲውል አይቼ፣ «ለማታውቁት ሰው አትመልሱ! የሚደርሳችሁን ቁጥር ለማንም አትስጡ!» እያልሁ በየሳምንቱ እጮህ ነበር። ስጮህ ደግሞ እንደ ነገሩ አይደለም፤ ከአስፋልቱ ማዶ ያሉት ነጋዴዎች ሳይቀሩ ይሰሙኛል።

እንግዲህ ቁጥሩን የሰጠሁት እኔው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሠፈራችን ዕድር ዘንድሮ ዘምኖ ቴሌግራም ገብቷል። ሰው ሲሞት ጥሩምባው ከመነፋቱ በፊት መርዶው ስልካችን ላይ ይደርሳል። ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ ከዕድሩ ጸሐፊ ከጋሽ አማረ መልእክት መጣልኝ። «ሸዋዓለም ልጄ፣ የአባላትን ስም እያደስን ነው፤ አሁን የሚደርስሽን ቁጥር ላኪልኝ» ይላል። ወዲያው አምስት ቁጥሮች ስልኬ ላይ ዱብ አሉ። ለማንም እንዳልሰጥ ከሥሩ በደንብ ተጽፏል። ላክሁለት! ምን ላድርግ፣ ለዕድር እምቢ ይባላል እንዴ? ነገ ስሞት ድንኳን የሚተክልልኝ ማን ነው? በባንክ ስም ቢመጡብኝ፣ በሎተሪ ስም ቢመጡብኝ፣ ልክ ልካቸውን ነግሬ እሸኛቸው ነበር። በዕድር መጡብኝ።

ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ቴሌግራሜ ከደጅ አቁሞኛል። ልግባ ብል እኔ በማላውቀው የይለፍ ቃል ተቆልፏል። ለጋሽ አማረ ደወልሁ። «ልጄ፣ የእኔም ከተሰረቀ ሦስት ቀኑ ነው፤ ሰው እንዳይስቅብኝ ብዬ ዝም አልሁ» አሉኝ። ደሜ ፈላ። ምነው ቀድመው ቢናገሩ፣ ትልቅ ሰው አይደሉም ወይ ብዬ በሆዴ ስሰድባቸው ቆየሁና፣ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ? እኔም ዝም አልሁ። ሚጥሚጣዋ ሸዋዓለም ተሸወደች ሲባል ይታያችሁ! በመምህራን ማረፊያ የሚሳቀው ሳቅ ገና ሳይሳቅ ይሰማኝ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ለሌላ ሰው ብቻ ነበር የምተርተው።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ሉሊት የምትባል የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዬ ከክፍል ስወጣ ጠብቃ ያዘችኝ።

«መምህርት፣ እናኑ ትምህርት አቁማለች።»

«ማን አባቱ ነው ያስቆማት?»

«አባቷ ናቸው።»

«በምን ምክንያት?»

ሉሊት መሬት መሬት አየች። «እርስዎ በላኩላት ነገር ነው አሉ።»

እናኑ የደረሳትን ሁሉ ለጓደኛዋ ልካላት ኖሮ፣ ሉሊት ስልኳን አውጥታ አስነበበችኝ። በእኔ ስም፣ ለፋሲካ በተነሣሁት በእኔው ፎቶ፣ «እናኑ፣ ለፈተና ምዝገባ ስለሆነ ጉርድ ፎቶሽን ቶሎ ላኪልኝ» ይላል። ልካለች። መምህሯ ብላት እንዴት እምቢ ትላለች? በማግስቱ ፊቷ ተቆርጦ፣ መጠጥ ቤት ውስጥ ወንድ አቅፏት ቢራ በምትጠጣ ሴት አንገት ላይ ተለጥፎ መጣላት። ከሥሩም «የጓደኞችሽን ስልክ እየተቀበልሽ የሚደርሳቸውን ቁጥር አምጪልኝ። እምቢ ካልሽ ይህን ለአገር አዳርሰዋለሁ» ተብሏል።

የእናኑን መልስ ሳነብ ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። የሚጽፍላት መምህሯ እንዳልሆነች ገብቷት፣ «የፈለግኸውን አድርግ፤ ጓደኞቼን አልሸጥም» ብላ ጽፋለታለች። በሞትሁት! እኔ ለስም ዝርዝር ብዬ ያስረከብሁትን፣ ይች ልጅ ስሟን ይዞ ሲያስፈራራት እንኳ አልሰጠችም። ሌባውም እንዳለው ፎቶውን በተነው። የአጎቷ ልጅ ለአባቷ ለአያ ማረው አሳየ፤ አባቷም ደብተሯን ሰብስበው ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት፣ «ከእንግዲህ ከተማ አትረግጭም» አሏት። ያውም ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ፣ ዘንድሮ ብሔራዊ ፈተና የምትወስድ ልጅ። በመጀመሪያው ቀን አፌን ከፍቼ «ተሰርቄአለሁ፣ በስሜ የሚመጣውን አትመኑ» ብል ኖሮ ያን ፎቶ አትልክም ነበር። ሉሊት ፊት አለቀስሁ።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ከሉሊት ጋር በባጃጅ ወደ እናኑ ቀበሌ ወደ ናበጋ ወረድን። ግራ ቀኙ የደረሰ ሩዝ ነው፤ አጨዳው ተጧጡፏል። ከእነ እናኑ ማሳ ስንደርስ ደቦ ወጥቷል፤ ሠላሳ የሚሆን ሰው፣ ሴት ወንዱ፣ ጎንበስ ብሎ ያጭዳል። እናኑም ከመካከላቸው ናት። አየችንና አንገቷን ደፋች።

«ያበርታችሁ!» አልሁ።

«አሜን፣ ያበርታሽ!» አለ ደቦው። አያ ማረው ብቻ ሰላምታዬን ሳይመልሱ የታጨደውን ይከምራሉ።

«አያ ማረው፣ ስለ እናኑ ነው የመጣሁት።»

«ስለ እናኑ የሚወራ ነገር የለም። አዋረደችን፤ አለቀ። እርስዎንም መምህር ነዎት ብዬ ታገሥሁ እንጂ፣ ፎቶ ላኪ ያሏት እርስዎ ነዎት አሉ።»

ሰው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ቆሞ ያየናል። ሉሊት «ቤት ገብተን እናውራ» ብላ ጎነተለችኝ። ቤት ብንገባ ይቀለኝ ነበር። ግን ፎቶውን ያየው ይህ ሁሉ ሰው ነው፤ በጓዳ ባወራው ለእናኑ ምን ይረባታል? እግዜር ድምፅ አልነፈገኝም፤ ያንኑ የሰልፉን ድምፅ አወጣሁት።

«ስሙኝማ! እኔ አልላክሁም። የላከው በስሜ የገባ ሌባ ነው። በሩን የከፈትሁለት ግን እኔ ነኝ! ዕድር ነኝ ብሎ ቁጥር ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። ከዚያ አፈርሁና ዐሥራ ሁለት ቀን ዝም አልሁ። እሱ ደግሞ በእኔ ስም ይችን ልጅ አታለላት። የጓደኞችሽን ቁጥር አምጪ ሲላት እምቢ አለችው። እምቢ ስላለች ነው ስሟን ያጠፋው! መምህርቷ የሰጠችውን ልጃችሁ አልሰጠችም። የሚታፈርበት ሰው ከተፈለገ ይኸው፣ እኔ ነኝ!»

እናኑ ቀና ብላ አየችኝ።

«ፎቶውስ?» አሉ አያ ማረው። «ፊቷ ነው። የልጄን ፊት አጣዋለሁ?»

«ፊቷማ ነው። የቀረው የሌላ ሴት ነው።»

«በምን ልመን?»

ፎቶ በስልክ እንዴት እንደሚቆረጥና እንደሚቀጠል ላስረዳ ስጀምር ለራሴም ተምታታብኝ። ያን ጊዜ እናኑ ከደቦው ወጥታ መጣች። የሉሊትን ስልክ ተቀብላ ያን ፎቶ ራሷ ከፈተችው፤ ለአባቷ ሰጠችና ግራ እጇን ፊታቸው ዘረጋች።

«አባዬ፣ ፊቱን ይተዉትና እጁን ይዩት።»

ሩዝ የሚያጭድ ሰው በግራው ይጨብጣል፣ በቀኙ ማጭዱን ይስባል። ማጭዱ ያመለጠ ቀን የሚያርፈው የግራው ትንሽ ጣት ላይ ነው። የእናኑ ትንሽ ጣት ተቆርጦ የዳነ ነው፤ ከአንጓው ላይ ጠባሳው ተኮማትሮ አጣሞታል። ፎቶው ላይ ያለችው ሴት ግን ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛዋለች፤ ዐሥሩም ጣቶቿ ቀጥ ያሉ፣ ጥፍሮቿ ቀይ የተቀቡ ናቸው።

አያ ማረው ስልኩን አስጠግተው አዩት፤ አርቀው አዩት። የልጃቸውን ጣት ያዙ። «ይህን ቁስል ያሰርሁት እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ኩታዬን ቀድጄ ያሰርሁት እኔ ነኝ!» ከዚያ ወደ ደቦው ዞረው ጮኹ። «ይህ የልጄ እጅ አይደለም! ወይ ነዶ፣ ፊቷን ብቻ አይቼ ፈረድሁባት!»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እማሆይ ዙፋን የሚባሉ ጎረቤት «ይችማ እንኳን ሩዝ ልታጭድ ጎመንም ቀንጥሳ አታውቅ!» ሲሉ ሳቁ ፈነዳ። ሰዉ ሁሉ ግራ እጁን እያወጣ ጠባሳውን ያሳይ ጀመር፤ አንዱ የአምናውን፣ ሌላው የጉብዝናውን። እናኑ በመካከላቸው ቆማ ስታለቅስም ስትስቅም አየኋት።

ስልኩ እማሆይ እጅ ላይ እንዳለ ጮኸ። ሉሊት ተቀብላ አየችውና ዓይኗ ፈጠጠ።

«መምህርት ናቸው የጻፉልኝ!» አለች። «‹ሉሊት፣ አሁን የሚደርስሽን ቁጥር ላኪልኝ› ይላሉ።»

እኔ አጠገቧ ቆሜአለሁ፤ ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሁለቱንም እጄን ዘርግቼ ለደቦው አሳየሁ። ከዚህ በኋላ ማስረዳትም አላስፈለገኝም።

«በዚህ ስልክ ድምፅም ይሄዳል?» አሉ አያ ማረው።

«ይሄዳል» አለች ሉሊት።

«በይ ያዢልኝ።» ሉሊት ድምፃቸውን ቀዳችላቸው። «ስማ አንተ! እኔ ማረው ነኝ፣ የእናኑ አባት። ያን ፎቶህን አይቼዋለሁ፣ ጎረቤቴም አይቶታል፣ ውሸት መሆኑንም አውቀናል። ከእንግዲህ በምን ልታስፈራራት ነው? እሷ ቁጥር አልሰጠችህም፤ እኛም አንሰጥህም። ቁጥር የለም!»

«ቁጥር የለም!» አለ ደቦው ሁሉ ከኋላቸው። ሉሊት ላከችው። ሌባው ሰማው፤ መስማቱን የሚያሳየው ምልክት መጣ። ከዚያ ጽሑፉን በሙሉ አጥፍቶ ጠፋ።

አያ ማረው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ነገ ትምህርት አለ?»

«አለ፣ አባዬ።»

«እንግዲያ ማጭዱን ስጪኝ። ቁልፉ ይኸው፤ ደብተርሽን አውጪ።» አንገታቸው ላይ ካለው ማተብ ቁልፉን ፈትተው ሰጧት። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አሉ፤ ሰው እየሰማ።

ደቦ ደግሞ ሰው አይጎድልበትም። ማጭዱን ከአያ ማረው እጅ ተቀብዬ በእናኑ ቦታ ገባሁ። ከባዮሎጂ ውጭ የማውቀው ነገር እንደሌለ በአምስት ደቂቃ ተረጋገጠ። «መምህርት፣ ትንሿን ጣት!» እያሉ እስኪመሽ ሲስቁብኝ ዋሉ። ለዐሥራ ሁለት ቀን የፈራሁት ሳቅ ይህ ነበር፤ ምንም አላደረገኝም።

ዓርብ ጠዋት ሰልፉ ላይ ማይኩን ያዝሁ። ቁጥሬን ሰጥቻለሁ አልሁ፤ ለማን፣ እንዴት፣ ስንት ቀን እንደደበቅሁ፣ አንዱንም አላስቀረሁም። «መምህርም ይሁን፣ ዕድርም ይሁን፣ እናታችሁም ትሁን፣ ቁጥርና ፎቶ ሲጠየቅ ደውላችሁ ድምፅ ስሙ። የተሸወደ ደግሞ ያኑ ቀን ይናገር! በሉ፣ የተሸወደ እጁን ያውጣ!» ማንም ንቅንቅ አላለም። ኋላ ርእሰ መምህራችን ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ከረባታቸውን እንዳሰሩ፣ እጃቸውን አወጡ። ተማሪው «ኧረ!» አለ። ከዚያ የሒሳቡ መምህር አወጡ፣ ከዚያ ከሰልፉ ጫፍ አንዲት ልጅ፣ ከዚያ መቁጠር አቃተኝ። ጉድ እኮ ነው፣ አንዳችን ካንዳችን ተደብቀን ኖረናል!

ያን ቀን ተማሪው ሁሉ በስሜ የሚጽፈውን አገደው። ለፖሊስ አመለከትሁ፤ ቴሌግራምም ሰባት ቀን አስጠብቆ መለያዬን በአዲስ የይለፍ ቃል መለሰልኝ። ሌባው ማን እንደሆነ ዛሬም አናውቅም፤ ከእኛ ትምህርት ቤት ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ቁጥር አላገኘም።

የዚያ ዓርብ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእኔ ነበር። ስም መጥራት ጀመርሁ። አያ ማረው ልጃቸውን ራሳቸው አድርሰው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው በመስኮቱ ያያሉ። አምስት ስም ጠራሁ፣ ስድስት ጠራሁ፣ ከዚያ የእሷ ተራ ደረሰ።

«እናኑ ማረው!»

«አቤት!» ብላ ተነሣች።

ክፍሉ በእልልታ ተናጋ። እኔ በክፍሌ ውስጥ ያጨበጨበን ተማሪ ወላጅ የማስመጣ ሰው ነኝ። የስም መጥሪያውን ጠረጴዛው ላይ ጣልሁና ከሁሉም በላይ እልል አልሁ።