የሃይማ ምክር

የወንድሜ ልጅ ሲሪሻ በአሥረኛ ክፍል ፈተና ከከተማችን አንደኛ የወጣች ቀን ጎረቤቱ ሁሉ ጣፋጭ ይዞ ቤታችን ፈሰሰ። እኔን ግን ደስ አላለኝም። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባል የለ? እኛ አገር ልጅ አንደኛ ወጣች ማለት ልትወሰድ ነው ማለት ነው።

ወሳጁም አልዘገየም። መምህር ጋንጊ ሬዲ የወንድሜን ሁለት ሴት ልጆች ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው። አሁን ደግሞ ቪጃያዋዳ የሚባል ሩቅ ከተማ ላለ አንድ ትልቅ አዳሪ ኮሌጅ ጎበዝ ጎበዙን እየለቀመ ይልካል፤ በላከው ልጅ ልክም ገንዘብ ይቆረጥለታል። ገና ሳይቀመጥ ጀመረ።

«ኦቡሌሱ፣ ይቺ ልጅ ኢንጂነር ናት! ሁለት ዓመት ጥርሷን ነክሳ ትማር፤ ከዚያ ዕድሜ ልኳን ተኝታ ትብላ።»

«ዕድሜ ልክ መተኛትስ ለሬሳ ነው፣ መምህር» አልኩት።

እሱ እንዳልሰማ ሆነ፤ ወንድሜ ኦቡሌሱ ግን ዓይኑን አፈጠጠብኝ። ሚስቱ ኩዌት የሰው ቤት ተቀጥራ ስለምትሠራ ልጆቹን ያሳደግኋቸው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ቢያፈጥም ከመናገር አልመለስም።

ሲሪሻ የፈለገችው እዚሁ ያለውን የመንግሥት የሴቶች ኮሌጅ ነበር። በእግሯ ሄዳ፣ ለምሳ ቤቷ ገብታ፣ የዳጉሳ ገንፎዋን በልታ የምትመለስበት። ምን ልዋሽ፣ ጣሪያው ያፈሳል፤ የፊዚክስ አስተማሪውም ብቅ የሚለው ደስ ሲለው ነው። እሷ ግን «መጽሐፉ እንደሆነ አንድ ነው፣ አባዬ። እዚህም ሆኜ አነበዋለሁ» ትላለች።

ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፤ መወሰን አቅቶት ነው። ሲጨንቀው ጊዜ «ሃይማ አይታዋለች። ሃይማ ያለችው ይሁን» አለ።

እፎይ አልኩ። ሃይማ ትልቋ ናት፤ እዚያው ቪጃያዋዳው ኮሌጅ አንደኛ ዓመቷን ጨርሳ ለጥቂት ቀን መጥታለች። ከመጣች ጀምሮ ሳያት ሆዴ ይባባል። ሽንት ቤት ለመሄድ እጇን ታወጣለች። በገዛ ቤቷ! ጎህ ሳይቀድ ማንም ሳይቀሰቅሳት ተነስታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትቀመጣለች። ያ ሦስት ቤት አልፎ የሚሰማው ሳቋ የት እንደገባ እንጃ። ይቺ ልጅ እህቷን እዚያ ትልካለች ብሎ ማን ያስባል?

ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተሰብስበን ኦቾሎኒ ስንፈለፍል ኦቡሌሱ ጠየቃት።

«እስቲ ንገሪን ልጄ። ትሂድ ወይስ ትቅር?»

ሃይማ ከኦቾሎኒው ቀና አላለችም። «ላካት» አለች።

ሲሪሻ አፏን ከፍታ አየቻት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ኦቡሌሱ ፊቱ በራ። ሃይማ ተነስታ ወደ ጓሮ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። የምሳውን ሳህን ልታጥብ ቁጢጥ ብላለች።

«አንቺ! ይቺ ልጅ ምን በደለችሽ? እኔ ከነደድኩ እሷም ትንደድ ነው?»

«አይደለም አክስቴ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

አንዱን ሳህን ደጋግማ አሸችው። «እዚያ ማንም ከማንም አያወራም» አለች። «አጠገቤ የምትተኛው ልጅ ደብተሯን ከሆዷ ሥር አድርጋ ነው የምታድረው፣ እንዳልበልጣት። ሲሪሻ ካለች ማታ ከመተኛታችን በፊት ትንሽ እናወራለን። ትንሽ ብቻ። ሌላ ዓመት ብቻዬን አልችልም፣ አክስቴ።»

እዚያው እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሲሪሻ ለካስ ባልዲ ይዛ ከኋላዬ ቆማለች። ባልዲውን አስቀመጠችና ወደ አባቷ ሄዳ «እሄዳለሁ» አለችው።

እኔም ዝም አላልኩም። «ልጅህ እያለቀችብህ ነው! ትንሿን ተዋት፣ ትልቋንም አውጣት» አልኩት።

«እትዬ፣ ታዲያ እናታቸው የሰው ወለል ስትፈገፍግ የከረመችው ለምንድን ነው? ግማሽ መንገድ ላይ ላውጣት? ናፍቆት ነው ያስጨነቃት። አሁን ሁለት ሆኑ፤ ይደጋገፋሉ።»

ጋንጊ ሬዲም ደረቱን ነፍቶ «አንድ ክፍል እንዲተኙ አደርጋለሁ። ለእሱ እኔ አለሁ!» አለ።

የሃይማ ትምህርት ቀድሞ ስለሚጀምር ቀድማ ተመለሰች። ባቡር ጣቢያ ስንሸኛት ሲሪሻን አቅፋ «በመስኮቱ በኩል አልጋ እይዝልሻለሁ» አለቻት። ያኔ ሳቀች። ትንሽ ቆይታ ሲሪሻም ኮሌጁ ገባች።

ወላጅ ልጁን የሚያየው በወር አንድ እሁድ ነው። እኔና ኦቡሌሱ ሩዝ በሁመር ሠርተን፣ በባቡር አድረን ደረስን። ከግቢው አጥር ሥር ወላጁ ሁሉ አንሶላ ዘርግቶ ልጁን ያጎርሳል። እኛም ዘርግተን ለሁለቱም አቀረብን። ሲሪሻ ብቻዋን መጣች።

«እህትሽስ?» አልኳት።

«እዚህ የለችም። የሚመድቡን በፈተና ውጤት ነው። ውጤቷ ዝቅ ሲል ከወንዙ ማዶ ወዳለው ቅርንጫፍ ወሰዷት፣ እኔ ሳልገባ። አንድ ቀን እንኳ አላየኋትም።»

ለእኛ የነገረን የለም፤ ልጆቹ ደግሞ ስልክ አይፈቀድላቸውም። ኦቡሌሱ የሃይማን ምግብ አንስቶ ባጃጅ ፍለጋ ሮጠ።

ሲሪሻ አልበላችም። እጄን ጨብጣ ይዛ «አክስቴ፣ እኔ መግባቴን ታውቃለች? ወይስ ሐሳቤን ቀይሬ የቀረሁባት መስሏታል?» አለችኝ።

«ታውቃለች» አልኳት። እኔ ምን አውቄ!

ሰዓቱ አለቀና ሲሪሻን አስገቧት። ኦቡሌሱ የተመለሰው ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው። የያዘው ምግብ አልተነካም። መንገድ ዳር ተቀመጠ።

«ድልድዩ በመኪና ተጨናንቆ ነበር እትዬ። ስደርስ በሩ ተዘግቷል። ዘበኛውን ለመንኩት፣ አሻፈረኝ አለ።»

«አንድ ቃል እንኳ እንዲነግራት አላደረግክም?»

«ሌሎቹ በልተው እስኪገቡ በሩ ላይ ቆማ ነበር አለኝ። ‹ማን ነው የሚመጣልሽ?› ቢላት ‹እንግዲህ ማንም አይመጣም› ብላው ገባች።»