ጠመንጃው ምን አጠፋ?

መንሱር አምስተኛዋን ጥይት ተኩሶ ማቀባበያውን ወደ ታች ሲገፋው፣ ባዶዋ ቀለህ ከጠመንጃው አናት ተስፈንጥራ ኮፍያው ላይ አረፈች። ተኩስ ለማቆም ፊሽካ እስኪነፋ ጠብቆ ከኢስሐቅ ጋር ወደ ዒላማዎቹ ሄደ። የእሱ ወረቀት ላይ አንድም ቀዳዳ አልነበረም።

"ከአምስቱ አንዷ እንኳ?" አለ ኢስሐቅ።

"ነፋሱ ነው።"

"የምን ነፋስ? ሣሩ እንኳ አይንቀሳቀስም እኮ!"

ሁለቱ አንድ ታክሲ ይጋራሉ፤ ቀን ኢስሐቅ፣ ማታ መንሱር ይነዳታል። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ፈቃድ አውጥተው ተራራ ይወጡና ኤልክ የሚባለውን ግዙፍ አጋዘን ያድናሉ። ቢስሚላህ ብለው የጣሉት ሥጋ ለሁለቱም ቤት ክረምቱን ያወጣል። ዘንድሮም ሊወጡ አምስት ቀን ቀርቷቸው፣ ጠመንጃቸውን ሊፈትሹ ከኦሮራ ከተማ በስተምሥራቅ ወዳለው የተኩስ ሜዳ መጥተዋል።

የሁለቱም ጠመንጃ ከቃታው ሥር ባለው እጀታ የሚቀባበል፣ ፈረንጆቹ ሌቨር አክሽን የሚሉት ዓይነት ነው። ከዚያ ወዲያ ግን አይስማሙም። የመንሱር ጠመንጃ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ካለ ሱቅ የገዛው አሮጌ ነው፤ በዕድሜ ሳይበልጠው አይቀርም። እንጨቱ ብዙ እጅ ነክቶት ለስልሷል። ሳይታሰብ እንዳይተኩስ የሚቆልፈው፣ ሴፍቲ የሚባለው ነገር የለውም፤ መምቻውን በአውራ ጣት ይዞ ግማሽ መንገድ ላይ ማቆም ነው ጥንቃቄው። የኢስሐቅ አዲስ ነው፤ ብረቱ የማይዝግ፣ ሴፍቲው በቁልፍ የሚዘጋ፣ ቀለሁን ወደ ጎን የሚተፋ። አናቱ ነጻ ስለሆነ ስኮፕ የሚሉት አጉልቶ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ ተገጥሞለታል።

"ይኼ ብረት ዘመኑ አልፏል ብዬህ ነበር" አለ ኢስሐቅ ወደ ጠረጴዛው ሲመለሱ። "ስኮፕ ልግጠም ብትል እንኳ ቀለሁ እየመታ ይሰብርብሃል።"

"አንተስ ዓምና? ሴፍቲውን ረስተህ ቃታ ስትስብ አጋዘኑ ዞር ብሎ አይቶህ አይደል እንዴ የሄደው!"

"እሺ፣ እሱን ተወው። እንካ፣ የኔን ሞክር።"

መንሱር አልፈልግም ሊል ነበር፤ ግን ተቀበለ። ሦስት ጊዜ ተኮሰ። ሄደው ሲያዩ ሦስቱም ቀዳዳዎች መዳፍ በማታህል ቦታ ላይ ተሰብስበዋል።

"አላልኩህም!" ኢስሐቅ ትከሻውን መታው። "ያንን ሽጠው። ሰኞ አብረን ሄደን እንደኔ ያለውን እናመጣለን።"

መንሱር ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ አሮጌውን ጠመንጃ አነሳ። እሺ ቢል ነገሩ በዚሁ ያልቅ ነበር። አሮጌ ጠመንጃ ነው፣ ንድፉም ያረጀ ነው፣ አለቀ። ማንም ሌላ ጥያቄ አይጠይቀውም። ግን በዚሁ ጠመንጃ ካቻምና አንድ ኤልክ በአንዲት ጥይት ጥሏል። እንጨቱን በእጁ ሲዳስሰው በሐሰት የሚመሰክርበት መሰለው።

"እስቲ አንተ ተኩስበት" አለና ለኢስሐቅ አቀበለው።

ኢስሐቅ እየሳቀ ተቀምጦ ሦስት ጥይት ተኮሰ። ከወረቀቱ ዘንድ ሲደርሱ ሳቁ ጠፋ። ሁለቱ ጥይቶች መሐሉን፣ አንደኛዋ ዳሩን በስተዋል።

"ታዲያ ጠመንጃው ምን አጠፋ?"

"ምንም አላጠፋም። ዓይኔ ነው።" መንሱር ወረቀቱን እንጂ ኢስሐቅን አላየም። "የፊቱ ማነጣጠሪያ ሁለት ሆኖ ነው የሚታየኝ፤ አንደኛው ጭጋግ የለበሰ። ስኮፕህ አጉልቶ ስለሚያሳይ ነው የመታሁት።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከረመዳን በፊት።"

"ማታ ማታ እየነዳህ?"

"ባለፈው ሳምንት ሎውሪ ሰፈር ውስጥ አንዲት ሴት ጋሪ እየገፋች ስታቋርጥ አላየኋትም። ከኋላዬ ያለው ተሳፋሪ ሲጮህ ነው ፍሬን የያዝኩት።"

"ልጅ ያለበት ጋሪ?"

"አዎ።"

ኢስሐቅ ወረቀቱን ከዒላማው ነቅሎ አጠፈው። ወደ ጠረጴዛው አብረው ተመለሱ።

"ለሳዲያ ነግረሃታል?"

"ሚስቴን አታውቃትም? የዚያኑ ዕለት ከመኪናው ታወርደኝ ነበር።"

ዕቃቸውን ሲሸክፉ ኢስሐቅ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አደኑን እንኳ በኔ ስኮፕ መተኮስ ትችላለህ። በየተራ እንተኩሳለን።"

"ከአጋዘኑ ጀርባ የቆመ ሰው ባይታየኝስ? እወጣለሁ፣ ሥጋም እሸከማለሁ፤ አልተኩስም።"

"ዛሬ ማታስ?"

ቅዳሜ ነበር፤ ከሳምንቱ ሁሉ ሥራ የሚበዛበት ማታ። መንሱር ስልኩን አውጥቶ ታክሲ ጣቢያው ጋ ደወለና ዛሬ እንደማይወጣ ተናገረ። ወዲያው የነገውንም አሰረዘ።

"መቼ ትመለሳለህ ልበል?" አለችው ስልክ ያነሳችው ልጅ።

"ሐኪም ይወስን" አላት። ስልኩን ሳይከተው የሳዲያን ቁጥር መፈለግ ጀመረ። ፊደሎቹ ስለተምታቱበት ለኢስሐቅ አቀበለውና፣ "አንተ ደውልልኝ" አለው፤ "የምናገረው እኔ ነኝ።"