የጥርባ ፀሐይ

በሐምሌ እኩሌታ፣ አገር ምድሩ በጭጋግና በጭቃ በተያዘበት ሰሞን፣ ጥርባ ላይ ፀሐይ የወጣው ለምንድን ነው?

መሳፍንት ይህን ጥያቄ ይዞ ባጃጅ ውስጥ ተኮራምቶ ተቀምጧል። ነሐሴ ገብቷል። የጎኑ ሸራ ስለተቀደደ ዝናቡ እየተወረወረ ገብቶ ግራ ጉልበቱን ያርሰዋል። እሱ ጉልበቱን ትቶ ስልኩን በጃኬቱ ውስጥ አቅፎታል።

"እስቲ ስልክህን ጠይቅልኝ፣" አለ ሾፌሩ አስማረ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። "ዛሬ ይዘንባል ወይስ አይዘንብም?"

"እየዘነበ እኮ ነው።"

"አይ፣ እሱ ይናገር እንጂ! መዝነቡንማ እኔም እዚሁ እንጅባራ ቁጭ ብዬ አወቅሁት። አንተ ቻይና ድረስ ሄደህ የተማርከው ምኑን ነው ታዲያ?"

መሳፍንት ፈገግ አለ። ከአስማረ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ተምረዋል፤ ቀልዱም ክረምቱን ሙሉ ያልተለወጠ ቀልድ ነው። አያናድደውም፤ አያስቀውምም። ከተመለሰ ወዲህ ብዙ ነገር እንዲህ ነው የሚያልፈው። ሰው ይስቃል፣ እሱም ይስቃል፤ ሰው ያዝናል፣ እሱም አንገቱን ይደፋል። ለምን እንደተመለሰ የጠየቀው ሁሉ "አገሬ ነዋ" የሚል መልስ ያገኛል። መልሱን ራሱ አምኖበት አያውቅም።

ሥራው መምህርነት ነው፤ አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ፊዚክስ ያስተምራል። ፕሮግራም መጻፍ የትርፍ ጊዜ ሱሱ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ በወላጆቹ ግቢ ከኋላ ባለችው ክፍል ይከተታል። መብራት ሲኖር ይጽፋል፣ ሲጠፋ ይተኛል። የጾም ማስታወሻ ጀምሮ ትቷል። ለቀርከሃ ሻጮች መገበያያ ጀምሮ ትቷል። የጨረሰው "ዘነበ ወይ"ን ብቻ ነው።

"ዘነበ ወይ" ሲከፈት ሁለት ሥዕል ብቻ ያሳያል፤ ደመናና ፀሐይ። ሰው ጠዋት ተነሥቶ፣ ያለበት ቦታ ዘንቦ ከሆነ ደመናውን፣ ካልዘነበ ፀሐዩን ይነካል። ኔትወርክ በተገኘ ጊዜ የነካው ነገር መሳፍንት ዘንድ ይደርሳል። ፊደል ያልቆጠረም እንዲጠቀምበት ብሎ ጽሑፍ አላደረገበትም። የነካበትን ቦታ ይመዘግባል እንጂ ስም አይጠይቅም። "የሰው ገመና አልሰበስብም" እያለ ይኮራበት ነበር። በግንቦት ለተማሪዎቹና ለመምህራኑ፣ ከዚያም የአጎቱ ልጅ ሰርግ ላይ ስልክ ላለው ዘመድ ሁሉ ጫነላቸው። ሰኔ ሳያልቅ ሁሉም ሰለቹት። ዝናብ በማያቋርጥበት አገር በየቀኑ "ዘነበ" ማለት ማንን ደስ ያሰኛል?

አንድ ሰው ብቻ አልሰለቸም። ከእንጅባራ አጠገብ ካለችው ከጥርባ በየማለዳው ደመና ይመጣል። ደመና፣ ደመና፣ ደመና። ከዚያ በሐምሌ እኩሌታ ድንገት ፀሐይ መጣ። በማግስቱም ፀሐይ። ሳምንት ሊሞላ እስኪል ድረስ ፀሐይ፣ ያውም ጠዋት ብቻ ሳይሆን ማታም ጭምር። ከዚያ ደመናው ተመለሰ።

ባሕር ዳር ያለችው ናርዶስ ነገሩን ይዛ አልለቀቀችም። ናርዶስ ስለ ዝናብ የምታጠና ተመራማሪ ናት፤ የተዋወቁት በቴሌግራም ነው። መሳፍንት የጥርባን ፀሐይ ሲያሳያት፣ "ምናልባት የጥርባ ሐይቅ ያለበት ጉድጓድ ደመናውን እየገፋው ይሆን?" ብሎ ጽፎላት ነበር። እንዲያው የመጣለትን ነው የጻፈው። እሷ ግን ጥናቷ ውስጥ አስገባችው፤ ስሙንም ከስሟ ቀጥሎ አሰፈረችው። ከመስከረም ጀምሮ ቡድናቸው ውስጥ ቦታ እንደሚኖረው ነገረችው። "የጥርባው ሰውህ ግን ማነው? በቀን ሁለቴ መመዝገቡ ጥንቃቄውን ያሳያል" ብላ ጠየቀችው። "በጣም ጠንቃቃ ሰው ነው" ብሎ መለሰላት፤ ማን እንደሆነ ሳያውቅ። ትናንት ደግሞ "ጥናቱን ሰኞ ስለማቀርብ የሰውየውን ፎቶ ላክልኝ" አለችው።

ስለዚህ ነው በዝናብ ወደ ጥርባ የወጣው። ናርዶስ ቡድን ውስጥ ይህን የሥራ ቦታ ካገኘ፣ "ለምን ተመለስክ?" ለሚሉት ሁሉ የሚሰጠው አንድ እውነተኛ መልስ ይኖረዋል።

"እዚህ ጋ ልውረድ፣" አለ ለከሰል በሚተከሉት የዲከረንስ ዛፎች መሐል የምትገባው መንገድ ጋ ሲደርሱ።

"ማን ጋ ነህ?"

"የአባቴ እህት ቤት። እነሱ ሰፈር ዘመናዊ ስልክ ያለው ተማሪ ማን እንደሆነ ልጠይቃቸው።"

"ፀሐይዋን ካገኘሃት ለኔም ትንሽ አምጣልኝ፣" አለና አስማረ ባጃጁን አዞረ።

የእትዬ ደጊቱ ግቢ በቀርከሃ የታጠረ ነው። ፈረሳቸው በቤቱ ጣሪያ ክፈፍ ስር ጀርባውን ለዝናቡ ሰጥቶ ቆሟል።

"ቤቶች!"

"ማነህ? ግባ፣ ግባ፣ በዝናብ አትቁም።"

መሳፍንት ዝቅ ብሎ ገባ። እትዬ ደጊቱ እሳቱ አጠገብ መደብ ላይ ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል። ሰርጉ ላይ ሲያያቸው ጉንጫቸው ሞላ ያለ ነበር። አሁን ፊታቸው ሁሉ ዓይን ሆኗል።

"መሳፍንት! አንተየ! አሁን ነው የምትመጣ?"

"ምነው እትዬ? ቀጠሮ ነበረን እንዴ?"

እጃቸውን ዘረጉለት። ጉልበታቸውን ሳመ፤ ጉንጩን ሳሙት። ድንች የተቀቀለበትን ድስት ከፍተው፣ ሚጥሚጣ በሳህን አቀረቡለት። "ብላ። ጾም ነው፣ ሌላ የለኝም።" ከዚያ ሳሉ። ሳሉ ረጅም ነበር፤ ሲያበቃ ጎናቸውን በእጃቸው ይዘው ቆዩ።

"እግዜር ይማርዎ። ጉንፋን ነው?"

"የበረታውስ አለፈ። ብላ አንተ።"

መሳፍንት ድንቹን እየላጠ ዓይኑ በሩ አጠገብ ያለው ምሰሶ ላይ አረፈ። በላስቲክ የተጠቀለለ ስልክ በክር ታስሮ ተሰቅሏል፤ ቤቱ ውስጥ ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነው መሰል። ተነሥቶ ቀረበ። በላስቲኩ ውስጥ ብዙ ነገር የሌለበት ማያ ገጽ ይታያል፤ መሐሉ ላይ ራሱ የሳላት ትንሽ ደመና አለች።

"እትዬ፣ ይቺን ማን ነው የሚነካት?"

"ማን ይነካታል? እኔ ነኛ። ልጄ ከባሕር ዳር ስልኩን አመጣልኝ፤ አንተ ደግሞ ሰርጉ ላይ ይቺን አስገባህልኝ። ረሳኸው?"

ረስቶታል። ያን ቀን ስንት ስልክ በእጁ እንዳለፈ አያስታውስም። የጥርባውን ሰው ሲያስብ ተማሪ፣ መምህር፣ የጤና ሠራተኛ እያለ ገምቷል። የአክስቱ ስም አንድ ጊዜ እንኳ በሐሳቡ አልመጣም።

"በየቀኑ?"

"ጠዋት ጠዋት። ፊቴን ሳልታጠብ።"

"ውጭ ወጥተው ሰማዩን አይተው ነው?"

"ሰማዩን ምን አደርገዋለሁ? ያው ሰማይ ነው።"

"ታዲያ የቱን እንደሚነኩ በምን ይመርጣሉ?"

እትዬ ደጊቱ ልጁ የሚያፌዝባቸው መስሏቸው ትክ ብለው አዩት።

"ደህና ካደርኩ ዝናቡን። ካልሆነልኝ ፀሐዩን። አንተ አይደለህ ያሳየኸኝ? 'ደህና ሲሆን ይኼን፣ ካልሆነ ያንን ይንኩ፣ እኔ ጋ ይደርሳል' አልከኝ። እንደ ሚስኮል ነው አልኩ። ሰው ደውሎ አንዴ አስጠርቶ ሲዘጋው 'ደህና ነኝ' ማለቱ አይደል?"

"እንደዚያ አልኩ?"

"በአገውኛ ነዋ ያልከኝ! ሰው እየሰማህ ልትኮራ። አገውኛህ እንደ ሰከረ ፈረስ ይረግጣል፤ ግን የምትለው ገባኝ።"

መሳፍንት መደቡ ላይ ተቀመጠ። ልጅ ሳለ አገውኛውን እንደ አማርኛው ይናገረው ነበር። አሁን ይሰማዋል እንጂ አፉ ላይ ይሰበርበታል። ያን ቀን 'ሲዘንብ' ሊል 'ደህና ሲሆን' ያሰኘው የትኛው ቃል እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረ። አልመጣለትም።

"ሐምሌ ላይ፣" አለ ቀስ ብሎ፣ "ፀሐዩን ደጋግመው ነክተዋል።"

"ሐምሌማ ሞቼ ነበር።" እንደ ቀላል ነገር ተናገሩት። "ጎኔን ወጋኝ፣ ትኩሳቱ ያዘኝ፣ ከዚህ መደብ መነሣት አቃተኝ። ጎረቤቴ አምሳለ ናት ስልኩን እያወረደች የምትሰጠኝ። ጠዋት ነካሁ፣ አልመጣህም። አልደረሰው ይሆናል ብዬ ማታ ደገምኩ።"

"ለምን ለአባቴ አልደወሉም?"

"አባትህ ደም ግፊት አለበት። ስልኩ ጮሆ እኔ 'አመመኝ' ስለው እኔን ሊቀብር የሚመጣው እሱ ይቀድመኛል። አንተ ግን ሰው አገር የኖርክ ነህ፤ አትደነግጥም ብዬ ነው።" እሳቱን በእንጨት ነካ ነካ አደረጉ። "አልደረሰህም አይደል? ይኼ ኔትወርክ ደግሞ ክረምት ሲገባ ከኛ እኩል ነው የሚታመም።"

ኔትወርኩ ጥሩ ምክንያት ነበር። አክስቱ ራሳቸው አዘጋጅተው ሰጡት። እሺ ማለት ብቻ ነው የሚቀረው።

"ደርሶኛል፣" አለ።

"ደረሰህ?"

"ሁሉም። የጠዋቱም የማታውም።"

"እና?"

"ጥርባ ላይ ፀሐይ የወጣ መስሎኝ።"

እትዬ ደጊቱ እሳቱን መነካካት ተዉ። ከዚያ መጀመሪያ ትከሻቸው፣ ቀጥሎ መላ ሰውነታቸው ተንቀጠቀጠ። እየሳቁ ነው። ሳቁ ከሳሉ ጋር ተቀላቅሎ እንባቸውን አወረደው።

"በሐምሌ? እዚህ? ኧረ አንተ ልጅ! በሐምሌ የጥርባን ፀሐይ የሚያምን ሰው ደግሞ ማነው?"

"እኔ። ባሕር ዳርም አንዲት ሴት አለች።"

"ባል አላት?"

"እትዬ!"

"እንዲህ የምታምንህ ከሆነ ብዬ ነዋ።" በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። "አንተ እንጅባራ ሆነህ ሲዘንብብህ፣ እዚህ ለኛ ለብቻችን ፀሐይ ወጣልን? ምነው ብቅ ብለህ ብታየው? በባጃጅ ስንት መንገድ ነው?"

መሳፍንት ወደ እሳቱ ዞረ። ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር እስኪሰማው ጠበቀ፤ ሐፍረት፣ ወይም ጸጸት፣ ወይም እንባ። እጁ ላይ ያለው ድንች ብቻ ነበር የሚሞቀው። ያን ሰሞን በእነዚያ ፀሐዮች ምን ያህል ተደስቶ እንደነበር ግን ጥርት ብሎ ታወሰው። ሁለተኛው የማታ ምልክት የመጣ ቀን ለናርዶስ ሊጽፍ የምሳ ሰዓቱን ረስቶ ነበር።

ሊነሣ ሲል ለምን እንደመጣ ጠየቁት። ፎቶ ሊያነሣ መሆኑን ነገራቸው፤ ለምን እንደሆነ አላብራራም። ለአክስቱ ምክንያት አላስፈለጋቸውም። "ቆይ፣ ሻሼን ልሰር፣ እንዲህ ሆኜማ አታነሣኝም" አሉና አጥብቀው አስረው፣ ጀርባቸውን አቅንተው፣ እንደ መታወቂያ ፎቶ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ተቀመጡ። አነሣቸው።

"ከእንግዲህ የቱን ልንካ ታዲያ?" አሉ በሩ ላይ።

"እንደለመዱት ይንኩ እትዬ። እኔ ነኝ የምለውጠው።"

"ፀሐዩን ከነካሁ ትመጣለህ?"

"እመጣለሁ።"

"እስቲ እናያለን፣" አሉ። ቅሬታ አልነበረበትም።

አስፋልቱ ዳር፣ ላስቲክ የለበሱ የከሰል ጆንያዎች ከተደረደሩበት አጠገብ ባለች ሱቅ ጣሪያ ስር ቆመ። ለአስማረ ደወለለት፤ መንገድ ላይ ነኝ አለው። ስልኩን እንደያዘ የናርዶስን ስም ከፈተ። ናርዶስ መልእክት የማታሳድር ሰው ናት፤ አንዳንዴ እሱ ጽፎ ሳይጨርስ መልሷ ይጀምራል። አሁንም "ፎቶው እንዴት ሆነ?" የሚል ትታለታለች።

ፎቶውን ብቻ ቢልክ የሚያውቅ የለም። አምሳለ ጥናት አታነብም። እትዬ ደጊቱ ስማቸው ባሕር ዳር አዳራሽ ውስጥ ተጠራ ቢባሉ ደስ ይላቸዋል። መስከረም ላይ እሱ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል።

"በመተግበሪያው ላይ በደረሰ የቴክኒክ ችግር ምክንያት" ብሎ ጀመረ። ቆም ብሎ አነበበው። መተግበሪያው ምንም ችግር አልደረሰበትም። የተነካውን ሁሉ፣ በተነካበት ቀን፣ አንድም ሳያጎድል አድርሶለታል። አጠፋው።

እንደገና ጻፈ፦

"ናርዶስ፣ የጥርባው ሰው አክስቴ ናቸው። ፀሐይ በተመዘገበባቸው ቀናት ሁሉ ጥርባ ላይ ዘንቧል። ታመው ነበር፤ ፀሐዩን የነኩት እኔን ለመጥራት ነው። ስለ ሐይቁ የጻፍኩልሽ ግምት ነው፤ ቦታው ድረስ ሄጄ አላየሁም። ሌሎቹ ቀናትም ዝናብን አይናገሩም፤ ደህና ማደራቸውን ብቻ ነው የሚናገሩት። አንዱንም አትጠቀሚበት። የጠየቅሽኝ ፎቶ ይኸው።"

ፎቶውን አያይዞ ላከው። ኔትወርኩ ትንሽ አንገራገረና ለቀቀው። የአስማረ ባጃጅ ደርሳ ጥሩንባዋን እስክትነፋ ድረስ ማያ ገጹን ሲያይ ቆመ። ሁለቱ ምልክቶች ታዩ፤ አንብባዋለች። ከስሟ ስር "እየጻፈች ነው" የሚለው ብቅ አለና ጠፋ፤ እንደገና ብቅ አለና ጠፋ።

መልስ አልመጣም። ሰኞ አለፈ፤ አልመጣም። ትምህርት ቤት ተከፍቶ፣ መሳፍንት ጠመኔውን ይዞ ክፍል ሲገባም አልመጣም።