ያልጠፋው ገጽ

የሙዚቃ ታሪክ ተመራማሪዋ ከጠዋት ጀምሮ ልቧ እንደተሰቀለ ነው። ባሏ የልምምድ አዳራሹ በር ላይ ሲያወርዳት፣ «ምን ሊያደርጉሽ ነው? አይበሉሽ!» አላት።

«አንተ ጋሼን አታውቃቸውም» አለችና የመኪናውን በር ዘጋች።

ጋሼ የቀድሞ መምህሯ ናቸው። የባሌት ሙዚቃ ታሪክ የሚባል ትምህርት እንዳለ የነገሯት እሳቸው፣ የመጀመሪያ ጽሑፏን በቀይ እስክሪብቶ ደም በደም ያደረጉትም እሳቸው። በወጣትነታቸው አንድ ተረስቶ የኖረ ባሌት ፈልገው አግኝተው ለመድረክ አብቅተው ነበር። ወደ መጨረሻው ላይ ግን ሙዚቃው ድንገት ይቋረጥና ቆይቶ ይቀጥላል። «ገጽ ጠፍቷል» ብለው ክፍተቱን ራሳቸው በደረሱት ዜማ ሞሉት። አልደበቁትም፤ እንዲያውም ባሌቱ በታየበት ሁሉ ጭብጨባው የሚቀልጠው ለዚያ ዜማ ነው።

እሷ ደግሞ ዓመታት ለፍታ የደረሰችበት ሌላ ሆነ። የቫዮሊኑን፣ የዋሽንቱን፣ የከበሮውን ኖታ ጎን ለጎን አድርጋ ስታየው፣ ሁሉም እኩል ዝም ይላሉ፤ እኩል ይመለሳሉ። ለየብቻ የተጻፉ ወረቀቶች ደግሞ ሁሉም እዚያው ቦታ ላይ ገጽ ሊጠፋባቸው አይችልም፤ የጠፋ ገጽ የለም። ደራሲው ዳንሰኞቹ እዚያ ቦታ ላይ ያለ ሙዚቃ እንዲደንሱ ፈልጎ ነው። ይህን በመጽሐፏ ስታወጣ ጋሼ አልደወሉላትም። እሷም አልደፈረችም። ዛሬ የባሌት ቡድኑ ዝምታውን ሊሞክረው ነው፤ እሳቸውም ተጋብዘዋል።

ከትልቁ መስተዋት ፊት ለፊት ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሰላም ስትላቸው ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ፤ በቃ።

ልምምዱ ተጀምሮ ክፍተቱ ጋ ሲደርስ ፒያኖው ቆመ። ስድስቱ ዳንሰኞች ዝምታው ውስጥ ገቡና ወዲያው ተበታተኑ። አንዷ ቀደመች፣ አንዱ ዘገየ፣ ሁለቱ ተላተሙ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ተመራማሪዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ይባስ ብሎ ጋሼ ብድግ አሉ።

«አለቀ፣ ጥለው ሊወጡ ነው» አለች በሆዷ።

እሳቸው ግን ወደ ዳንሰኞቹ ሄዱ። «በልባችሁ እየቆጠራችሁ ነው አይደል?»

«አዎ» አለች ከፊት የቆመችው።

«መቁጠሩን ተዉት። ጠጋ ጠጋ በሉና አንዳችሁ የሌላችሁን ትንፋሽ ስሙ።»

እንደገና ጀመሩ። የጫማ መንሸራተትና የትንፋሽ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ስድስቱም አንድ ላይ ዞሩ፣ አንድ ላይ ተነሡ፣ አንድ ላይ አረፉ። ፒያኖ ተጫዋቹ አፉን ከፍቶ ሲያይ የሚገባበትን ቦታ ረሳው፤ ማንም አልተቆጣውም።

ጋሼ ተመልሰው አጠገቧ ቁጭ አሉ። «ያ ዜማዬ በተሰማ ቁጥር ጥርሴን ነክሼ ነው የማሳልፈው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስኳር የበዛበት ነገር! ዋናው እስኪገኝ ብዬ ነበር፤ ሰው ወደደውና ተጣብቆብኝ ቀረ። ገላገልሽኝ።»

«ታዲያ ለምን አልደወሉልኝም ጋሼ? ተቀይመውኛል ብዬ እኮ እንቅልፍ አጣሁ!»

«አንቺስ? እኔም እኮ አረጀ ብላ ተወችኝ ብዬ ነው።»

ተያዩና ሳቃቸው አመለጣቸው። ከትከሻዋ ላይ ድንጋይ የወረደላት ያህል ቀለላት፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ።

«በይ ተነሺ፣ ምሳ ጋብዢኝ» አሉ። «ሦስተኛው ምዕራፍሽ ላይ ግን የምጣላሽ ነገር አለ።»

ተጣሉም። አስተናጋጁ ሳህኑን አንሥቶ፣ ጠረጴዛውን ወልውሎ፣ ወንበር መደርደር ሲጀምር እንኳ አላቆሙም። እሷም ተረታች፤ በመረታቷ እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።